ቀለም ያልገባበት ሥዕል፦ የአንዲት የጎጃም ከተማ መናፈሻ እንዴት ታቀደ

ጉዳዩን መመዝገብ ለምን አስፈለገ

ከተሞቻችን መናፈሻ እየሠሩ ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ መትከል የየክረምቱ ሥራ ሆኗል። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ አልፎ የክልል ከተሞች ደርሷል። ገንዘብ እየወጣ፣ መሬት እየተከለለ ነው። መናፈሻው ውስጥ ማን ይቀመጣል፣ ማን ያልፋል፣ ማንስ በር ላይ ይቀራል የሚለውን ጥያቄ ግን ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የሚያነሳ ሰው ብዙም አላየሁም።

አንዲት የጎጃም ከተማ ይህን ጥያቄ በሥዕል ጠየቀች። ሁሉም አልተሳካም። የተሳካው ግን ለሌላው ከተማ የሚተርፍ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የከተማዋንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ደጋ ላይ ካሉት መካከለኛ ከተሞች አንዷ ናት ማለት ይበቃል። የእኔ ድርሻ ማስተባበር ነበር።

ቦታው

ቦታው በገበያውና በአስፋልቱ መካከል ያለ ተዳፋት ነው። ታችኛውን ጫፍ የክረምት ጎርፍ ቦርቡሮታል። በወረቀት ላይ "ክፍት ቦታ" ይባላል፤ ባዶ ሆኖ ግን አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በእሱ አቋርጠው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ቅዳሜ የገበያተኛው አህያ እዚያው ይታሰራል። ሊስትሮዎች ደንበኛ ሲጠፋ እዚያ አረፍ ይላሉ። ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣዳቸውን የሚዘረጉት በታችኛው ጥግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከላይ ካለው ደብር የቆሎ ተማሪዎች ይመጣሉ። ጥጋ ጥጉን ይዘው ቅኔ ይቆጥራሉ። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከሰው ተለይቶ መቀመጥ ይፈልጋል። ጸጥታና ጥላ ካላገኘ ሐሳቡ ይበተንበታል።

በከተማዋ ዕድሜ ያለው ዛፍ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው የተረፈው እዚያ ነው። በሰሜኑ ደጋ በጠቅላላ አገር በቀል ደን በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሽማግሌውም ድሃውም እዚያ ጥላ ያገኛል። ነገር ግን ሙስሊሙ ነዋሪ እዚያ ገብቶ አይውልም። ልጆች ኳስ አያንከባልሉም። ስለዚህ ሁሉም ሰው እኩል "የእኔ ነው" የሚለው ጥላ አልነበረም።

ችግሩ

መጀመሪያ የተዘጋጀው ፕላን በትልቅ ባነር ታትሞ ተሰቀለ። በጣም የሚያምር ነበር። መሐሉ ላይ ፏፏቴ አለ። ዙሪያውን የተከረከመ ሣር፣ ካፌና የብረት አጥር ይታያል። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአስፋልቱ በኩል፣ በደረጃ።

ባነሩ ላይ ሰዎችም ነበሩ። ከኮምፒውተር የተለጠፉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አንዷ በገመድ የታሰረ ውሻ ይዛ ትሄዳለች። እንጨት የተሸከመ፣ ነጠላ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ በክራንች የሚሄድ አንድም ሰው አልነበረም። ፕላኑን የሠሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ የነበራቸው አይመስለኝም። የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር የሚያቀርብላቸው ሰው እሱ ነው። ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ ቦታውን በየቀኑ የሚጠቀመው ሕዝብ ከሐሳቡ ውጭ ቀረ።

የሕግ ጉድለት የለብንም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ከዘላቂ የልማት ግቦች መካከል 11ኛው፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሁሉም ሰው አካታችና አረንጓዴ የሕዝብ ቦታ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ ሴቶችን፣ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችንም ለይቶ ይጠቅሳል። ይህ ሁሉ እያለ ነው መግቢያው በደረጃ ብቻ የተሣለው።

ሌላም ሥጋት ነበር። ከመካከላችን ባሕር ዳር የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ለረጅም ዓመታት ብዙው የጣና ዳርቻ በሆቴልና በተቋም አጥር ተይዞ ነበር፤ ሐይቁ አጠገብ ለመቀመጥ ሻይ ማዘዝ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ካፌና አንድ በር ያለው መናፈሻ ሲያዩ ወዲያው የታሰባቸው ይህ ነው።

ስብሰባው

ሕዝብ እንዲወያይ ተብሎ በአዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የመጣው የተለመደው ሰው ነው፤ የዕድር ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ የቀበሌ ተወካዮች። እንጨት ሸጣ የምታድር ሴት በሥራ ሰዓት ስብሰባ አትመጣም። በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የሚንቀሳቀስ አንድ ወጣት መጥቶ ነበር። አዳራሹ ደረጃ ስላለው ውጭ፣ በመስኮት በኩል ሆኖ አዳመጠ። ዕድል ሲሰጠው የተናገረው አጭር ነው፤ "ስለ መናፈሻው የምለውን ይኼ ደረጃ ብሎልኛል።"

ውይይቱ ስለ ካፌው ኪራይ ሆኖ አለቀ።

ሥዕሉ እንዴት ገባ

ሐሳቡን ያመጣው አንድ የሥዕል መምህር ነው። ባነሩን ሰው ሊነካው አይችልም፤ ሊነካ የሚችል ነገር እናቅርብ አለ። ከእሱ ጋር አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተጨመረ። ይህ ምርጫ ለሥራው ወሳኝ ነበር። በጎጃም ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳን ሥዕል ያነባል። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ ታሪኩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ ይተረካል። ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ "ይኼ ማነው? ቀጥሎስ ምን ሆነ?" እያለ ያደገ ነው። የኢንጂነር ፕላን ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው፤ እሱን ማንበብ የተማርነው ጥቂቶች ነን።

የመጀመሪያው አቡጀዴ በቀለም ተሣለ። ዛፎቹ፣ መንገዱ፣ ሰዎቹ ሁሉ በደንብ ተጠናቀው ገበያ መሐል ተሰቀሉ። ሰው ተሰበሰበ። "እሰይ! እጃችሁ ይባረክ!" አለ። መርቆን ሄደ። ሐሳብ የሰጠን ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዲት ጎመን ሻጭ ብቻ ጠጋ ብላ አየችና "እኔስ የት አለሁ?" ብላ ጠየቀች።

ሠዓሊው በዚያው ዕለት ማታ የተናገረው የሥራውን መንገድ ቀየረው። "ሥዕል ንድፍ ሳለ ሰው ይናገረዋል፤ ቀለም ከገባበት በኋላ ይሳለመዋል" አለን።

የከሰሉ ጨርቅ

ሁለተኛው አቡጀዴ ላይ የማይነሱ ነገሮች ብቻ በከሰል ተነደፉ፤ ተዳፋቱ፣ ቦረቦሩ፣ አስፋልቱ፣ ገበያው፣ ደብሩና መስጊዱ። ሌላው ባዶ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ በሁለት ቋሚ እንጨት መሐል ተወጠረ። አጠገቡ ከሰልና ማጥፊያ ጨርቅ ተቀመጠ።

ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ማንም ከእኛ መሐል ስለ ፕላኑ ማብራሪያ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ሰው የተናገረው ወዲያው ይሣላል፤ ተናጋሪው "አይ፣ ትንሽ ወዲህ" እያለ ያስተካክላል። ሦስተኛው የሠዓሊው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን። እዚህ ጨርቅ ላይ የሚገባ ሰው ሁሉ በሁለት ዓይን ይሣላል አለ። ሕዝቡ ሳይነገረው ገባው። ሊስትሮዎቹ ራሳቸውን ሲያዩ መጀመሪያ የቆጠሩት ዓይናቸውን ነው።

የመጣው ሐሳብ ከአዳራሹ ጋር አይገናኝም። አሮጊቶች መቀመጫው መደገፊያ ይኑረው፣ ዝቅም አይበል አሉ፤ ዝቅ ካለ ለመነሣት ሰው መጥራት ሊኖርባቸው ነው። ልጃገረዶች ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አንፈልግም አሉ። ከሩቅ እስከ ጫፉ የሚታይ መንገድ ነው የፈለጉት። ይህን የተናገሩት ወንዶቹ ዘወር ካሉ በኋላ ነበር። የመስጊዱ ሠፈር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚውሉበት ጥላ ወደ እነሱም በኩል በር እንዲኖረው ጠየቁ። የቆሎ ተማሪዎች የጠየቁት ከላይኛው ጥግ አንድ ዛፍ ሥር እንዳይነካባቸው ብቻ ነው።

ጭቅጭቅም ነበር። ነጋዴዎቹ አጥር ይኑር አሉ፤ ምክንያታቸውም ተራ አልነበረም። ፍየል የገባበት ችግኝ አይተርፍም። ወጣቶቹ አጥሩን በማጥፊያ ጨርቅ ጠረጉት። ነጋዴው መልሶ አሠመረ። ሦስት ጊዜ ተሠምሮ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ከአዊ በኩል የመጣ ቀርከሃ ሻጭ "ችግኙን እጠሩት እንጂ ሰውን ለምን ታጥራላችሁ?" አለና ለእያንዳንዱ ችግኝ የቀርከሃ ከለላ አሣለ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። በአዳራሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው አይጋበዝም ነበር።

ሸክም ማሳረፊያው

ከጨርቁ የተገኘው ትልቁ ነገር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት አጠገባችን ቆሙ። መምህሩ ለእሳቸው መቀመጫ ሊሥል ከሰሉን አነሣ። "ልጄ፣ ተቀምጬ ማን ያነሣኛል?" አሉት። አልገባውም። ጀርባቸውን አዙረው አሳዩት። ሸክሙ በገመድ በደረታቸው ላይ ተጠፍሯል። መሬት ከተቀመጡ ብቻቸውን መነሣት አይችሉም። ሸክሙን ካወረዱም የሚያሸክማቸው ሰው መፈለግ አለባቸው። ስለዚህ ከቤታቸው እስከ ገበያ ሳያርፉ ይመጣሉ፤ ወይም ዳገት ፈልገው ጀርባቸውን አስደግፈው ይቆማሉ።

የፈለጉት መቀመጫ ሳይሆን በወገብ ቁመት ልክ ያለ የድንጋይ ግንብ ነበር። ቆመው፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ሸክሙን ግንቡ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እሳቸው ሲናገሩ ሌሎች ሴቶች ተሰበሰቡ። ቁመቱ ላይ ተከራከሩ። አንዷ አጭር፣ አንዷ ረጅም ናት። በመጨረሻ ግንቡ ከተዳፋቱ ጋር እየወረደ ስለሚሄድ ከፍና ዝቅ ይበል፣ ሁሉም በቁመቷ ትቁም ተባለ። የሚሠራበትንም ቦታ እነሱ አመለከቱ፤ ዳገቱ የሚከብድበት መታጠፊያ ላይ።

ባየኋቸው የመናፈሻ ፕላኖች ላይ እንዲህ ያለ ግንብ ተነድፎ አላውቅም። መቀመጫ ቁጠሩ ብንባል ሁላችንም እንቆጥራለን። ተቀምጦ የማያርፍ ሰው መኖሩን ያወቅነው እሳቸው ጀርባቸውን ስላዞሩ ነው።

ጨርቁ ለማይታያቸው

አንድ ዓይነ ስውር የኔታ ስለ ጨርቁ ሰምተው በተማሪ ተመርተው መጡ። ሲነገራቸው ካዳመጡ በኋላ "ደግ ነው፤ ለእኔ ግን ጨርቅ ጨርቅ ነው" አሉ። ልክ ነበሩ። ሥዕል የሚያካትተው የሚያየውን ብቻ ነው።

መልሱ ከሸክላ ሠሪዎቹ መጣ። አንዷ ተዳፋቱን በምጣድ ስፋት በጭቃ ሠራችው። መንገዱን በጣት የሚዳሰስ ፈፋ አደረገችው። ቦረቦሩን በጥልቀት ቆረጠችው። የኔታ በሁለት እጃቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ጣታቸው ቦረቦሩ ጋ ሲደርስ ቆሙ። "ዱላዬ ይህን ከመውደቄ በፊት በምን ያውቀዋል?" ብለው ጠየቁ። ከመንገዱ ዳር ዱላ የሚከተለው ከፍ ያለ የድንጋይ ጠርዝ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው። ቀጥለውም የውሃ ድምፅ አንድ ቦታ ይሰማ አሉ፤ ድምፁን ሰምተው የት እንዳሉ ያውቃሉ። ብዙዎቻችን ፏፏቴውን ቅንጦት ብለን ለመሰረዝ ተዘጋጅተን ነበር። ከዚያ በኋላ ቦታውም መጠኑም ተቀየረ፤ ወደ ድንጋይ ገንዳ የሚንጠባጠብ የቧንቧ ውሃ ሆነ።

ሸክላ ሠሪዋ ሥራዋን ስትጨርስ ስለ ራሷም ተናገረች። በጣት የሚያዙ ትንንሽ ጀበናዎች ሠርታ ጭቃው ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ደረደረቻቸው። አንድ ነጋዴ አንሥቶ ወደ ታችኛው ጥግ ወሰዳቸው። ምንም አልተናገረችም። መልሳ መንገዱ ዳር አስቀመጠቻቸው። በአገራችን ሸክላ ሠሪ እንዴት እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። በምጣዱ የሚጋግር ሰው አብሯት ቡና ለመጠጣት የሚያቅማማበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ጀበናዎቹን ዳግመኛ የነካቸው ሰው አልነበረም።

ከሥዕል ወደ ፕላን

ጨርቁንና ጭቃውን ወደ ልኬት የቀየረችው አንዲት ወጣት ኢንጂነር ናት። ያለ እሷ ሥራው ጌጥ ሆኖ ይቀር ነበር። ለዊልቸር የሚሆን መውጫ በተለመደው መለኪያ 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በተዳፋቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከወጣ አይሆንም፤ መጠማዘዝ አለበት። እሷ አዲስ መስመር ከመፈለግ ይልቅ ሴቶቹ በእግራቸው ያወጡትን ዱካ ለካች። ሸክም የያዘ ሰው ዳገት በቀጥታ አይወጣም። ዱካው ከሞላ ጎደል የምትፈልገውን ጥምዝምዝ ይዞ ተገኘ። ዋናው መንገድ በእሱ ላይ ተመሠረተ።

ምን ተሠራ፣ ምን አልተሠራም

መንገዱ ተሠርቷል። በሮቹ ሦስት ሆኑ፤ አንዱ በገበያው፣ አንዱ በመስጊዱ ሠፈር በኩል ነው። የብረት አጥሩ ቀርቶ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ ገባ። ሸክም ማሳረፊያው ግንብ ጠዋት ጠዋት ሰው አይለየውም። የዱላ ጠርዙ አለ፤ የኔታ አሁን ያለ መሪ ይወርዳሉ። ወይራ፣ ዋንዛና ኮሶ በቀርከሃ ተከልለው ተተክለዋል። የተማሪዎቹ ዛፍ ሥር አልተነካም። መግቢያው እስከ አሁን በነጻ ነው።

መጸዳጃ ቤት ግን አልተሠራም። እናቶች ደጋግመው የጠየቁት እሱን ነበር፤ ጨርቁ ላይም ተሥሏል። በጀት የለም ተባለ። በዚህ ምክንያት ልጅ የያዙ ሴቶች ብዙ አይቆዩም። መብራቱ በአስፋልቱ በኩል ብቻ ስለተተከለ ከመሸ በኋላ ልጃገረዶች በታችኛው መንገድ አያልፉም። ከመጀመሪያው ፕላን የተረፈው ሣር በበጋ ይደርቃል፤ ውሃ ብዙ ይጠጣል።

በጣም የሚቆጨኝ የሸክላ ሠሪዎቹ ነው። ለእነሱ የታሰበው ዳስ በልኬቱ ፕላን ላይ ነበረ። ሥራው ለተቋራጭ ሲሰጥ ከዝርዝሩ ወጣ። ማን እንዳወጣው የሚነግረን አላገኘንም። ዛሬም ከግንቡ ውጭ፣ ታችኛው ጥግ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ይሸጣሉ።

ለሌላ ከተማ የሚጠቅም

ሥዕሉ ገንዘብ አልፈጀም። አቡጀዴ፣ ከሰልና የሁለት ባለሙያዎች ጊዜ ነው። የሚያስፈልገው ቶሎ መጀመር ነው፤ ጨረታ ከወጣ በኋላ የሚሣል ሥዕል ማስታወቂያ ከመሆን አያልፍም።

የሚያምር ሥዕል ይዞ መቅረብ ሰውን ዝም ያሰኛል። በተለይ እኛ ዘንድ እንግዳ ያመጣውን መንቀፍ ነውር ነው። ከሰልና ማጥፊያ ጨርቅ ሲቀርብለት ግን ሰው መንቀፍ አይጠበቅበትም፤ ያስተካክላል። ይህን ከሁሉ በላይ አስበልጣለሁ። ዲጂታል ሥዕል የግድ ከሆነም ቢያንስ የውጭ አገሩ ሰው ይውጣና የከተማው ሰው ይግባበት።

ቦታው ላይ ያለውን ዱካ ለኩት። አካባቢው ያለውን የእጅ ሙያ ጥሩ። እኛ ዘንድ ሠዓሊና ሸክላ ሠሪ ተገኘ፤ ሌላ ቦታ ሸማኔ ወይም ስፌት የምትሰፋ ሴት ልትሆን ትችላለች። ለማያይ ሰው የሚዳሰስ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋጅ፤ የእኛ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ጨርቁ ላይ የሰፈረው ነገር ሁሉ ተቆጥሮ በውል ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ይጠፋል። ዳሱ የጠፋው እንዲህ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሥዕሉና ዝርዝሩ ጎን ለጎን ተይዘው፣ ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ባሉበት መነበብ አለባቸው። ጸሐፊ ሆኖ የሚከታተል አንድ ሰው በስም ይመደብ።

የመጸዳጃ ቤቱና የዳሱ ጥያቄ ከጨርቁ ፎቶ ጋር ተያይዞ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት በጽሑፍ ገብቷል። ከፈረሙት መካከል እንጨት የተሸከሙት እናት ይገኙበታል፤ በጣት አሻራቸው።